የዩ ስትሪቱ ሊንከን ቲያትር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለዚህ አሮጌ የዋሽንግተን ሲኒማ ቤት ከዲሲ ሀበሾችም ከእንግዶችም ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች እነሆ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሊንከን ቲያትር የት ነው ያለው?

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ዩ ስትሪት ላይ፣ በ12ኛውና በ13ኛው መንገድ መካከል ነው። በሜትሮ የመጣ ሰው ዩ ስትሪት ጣቢያ ወርዶ በ13ኛው መንገድ በኩል ከወጣ፣ ከመንገዱ ማዶ ፊት ለፊት ያገኘዋል። ግራ ከገባው «ቤንስ ቺሊ ቦል የት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ይበቃል፤ ጎን ለጎን ናቸው።

ብዙ ሰው በደጁ እየተመላለሰ ሳያስተውለው የሚቀረው፣ ከፊት ሲያዩት ጠባብ ስለሆነ ነው። ከመንገዱ የሚታየው በሩና ከበሩ በላይ የወጣው ባለ መብራት የስም ሰሌዳ ነው። ዋናው አዳራሽ ከኋላ ነው ያለው። በጠባቡ በር ገብቶ መተላለፊያውን የጨረሰ ሰው ድንገት ከ1,200 በላይ ተመልካች የሚይዝ፣ ሰገነት ያለው፣ ግድግዳና ጣሪያው በጄሶ ጌጥ የተሞላ አዳራሽ ይገጥመዋል። በዚያ ዘመን ብዙ የከተማ ሲኒማ ቤት እንዲህ ነበር የሚሠራው፤ በዋናው መንገድ ላይ ያለው መሬት ውድ ስለሆነ ለበሩ የሚበቃ ያህል ብቻ ይያዝና ስፋቱ ከጀርባ ይወሰዳል።

ፕሬዚዳንት ሊንከን በጥይት የተመቱት እዚህ ነው?

አይደለም። እሳቸው ኤፕሪል 14 ቀን 1865 ማታ የተመቱት መሀል ከተማ፣ 10ኛው መንገድ ላይ ባለው ፎርድስ ቲያትር ነው። የዩ ስትሪቱ ሊንከን ቲያትር የተከፈተው ከዚያ 57 ዓመት ቆይቶ፣ በ1922 ነው።

ስለ ስሙ ግን አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ትልቁ የሊንከን መታሰቢያ ሐውልትም የተመረቀው በዚያው በ1922፣ በሜይ 30 ነው። ባርነትን ባስወገዱት ሰው የመታሰቢያ በዓል ላይ የተጋበዙ ጥቁር እንግዶች ከነጮቹ ተለይተው፣ በተከለለ ቦታ እንዲቀመጡ ተደረገ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ሰው ስም ሁለት ቤት ተከፈተ፤ ጥቁሮች የፈለጉት ወንበር ላይ መቀመጥ የቻሉት ዩ ስትሪት ባለው ነበር።

ማን ሠራው?

ያሠራው ሃሪ ክራንዳል የሚባል፣ በከተማው በርካታ ሲኒማ ቤቶች የነበሩት ነጭ ነጋዴ ነው። ንድፉን ያወጣው ደግሞ ሬጂናልድ ጊር የተባለ አርክቴክት ነው። መጀመሪያ ላይ ድምፅ አልባ ፊልምና በመሀሉ የሙዚቃ፣ የቀልድና የጭፈራ ትርኢት ያቀርብ ነበር። በ1927 ኤ.ኢ. ሊክትማን ገዛው። ሊክትማን በዲሲና በቨርጂኒያ ለጥቁር ተመልካች የሚያገለግሉ ሲኒማ ቤቶች የነበሩት ሰው ነው። አዳራሹን አስውቦ የጭፈራ ቤት ጨመረበት፤ በ1928 ደግሞ የድምፅ ፊልም መሣሪያ ገባለት። የሊንከን የክብር ዘመን የሚባለው ከዚህ የሚጀምረው ነው።

ለጥቁሮች ብቻ ነበር? ለምን ለብቻ አስፈለጋቸው?

የሊንከን ተመልካቾች ጥቁሮች ነበሩ፤ መሀል ከተማ ያሉት ትልልቅ ሲኒማ ቤቶች ስለማያስገቧቸው። ዋሽንግተን የአገሪቱ ዋና ከተማ ናት፤ ፍርድ ቤቱም ምክር ቤቱም እዚያው ነው። እንዲህም ሆኖ አንድ ጥቁር ሐኪም ወይም መምህር ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ኤፍ ስትሪት ላይ ፊልም ለማየት ቢሰለፍ ከትኬት መስኮቱ ይመለስ ነበር።

ይህ ጉዳይ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ለማየት የዋሽንግተኑን ናሽናል ቲያትር መጥቀስ ይበቃል። የተዋንያን ማኅበሩ ጥቁር ተመልካች በማያስገባ መድረክ ላይ አንሠራም ሲል፣ ባለቤቶቹ በሩን ለሁሉም ከመክፈት ይልቅ በ1948 ቲያትሩን ዘግተው ወደ ሲኒማ ቤት ቀየሩት። እስከ 1952 ድረስ እንደዚያው ቆየ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1939 ደግሞ ዝነኛዋ ዘፋኝ ማሪያን አንደርሰን በቆዳዋ ቀለም ምክንያት ኮንስቲቲዩሽን ሆል ውስጥ እንዳትዘፍን ተከልክላ፣ በሊንከን ሐውልት ደረጃ ላይ ቆማ በ75,000 ሰው ፊት ዘፍናለች።

እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ ዩ ስትሪት ለጥቁሮች ከተማ ውስጥ ያለ ከተማ ሆነ። ባንኩ፣ ጋዜጣው፣ ሐኪሙ፣ ጠበቃው፣ ልብስ ሰፊው፣ ምግብ ቤቱ ሁሉም እዚያው ነበር፤ በዋናነት ጥቁሮች የሚማሩበት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም በእግር የሚደረስ ቅርብ ነው። በኒው ዮርኩ የቲያትር መንገድ አምሳያ «የጥቁሮች ብሮድዌይ» የሚለው ስም የወጣለትም በዚህ ዘመኑ ነው። ቅዳሜ ማታ ሊንከን የሚመጣ ሰው ዘንጦ ነበር የሚመጣው። እንደ እንግዳ በጓሮ በር ሳይሆን እንደ ባለቤት በፊት ለፊት በር የሚገባበት ቤት ነበርና።

ዱክ ኤሊንግተን እዚህ ተጫውቷል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ኤሊንግተን በ1899 የተወለደው ዋሽንግተን ውስጥ ነው፤ ያደገውም በዚሁ ሰፈር ነው። ከሲኒማ አዳራሹ ጀርባ የነበረው የጭፈራ ቤት ሊንከን ኮሎኔድ ይባል ነበር። የሰፈሩ ሰርግ፣ የተማሪዎች ምሽት፣ የማኅበራት ግብዣ ሁሉ የሚደረገው እዚያ ሲሆን፣ ኤሊንግተንን ጨምሮ ካብ ካሎዌይ፣ ፐርል ቤይሊና ኤላ ፊትዝጄራልድን የመሳሰሉ ሰዎች በቲያትሩና በጭፈራ ቤቱ ስማቸው የሚነሳ ነው። ኮሎኔድ ዛሬ የለም፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ፈርሷል። የሊንከንን ውድቀት ከዚህ መቁጠር የሚጀምሩ አሉ፤ እኔም ከነሱ ነኝ። ሲኒማ ቤቱ የሚበላው ከፊልም ትኬት ብቻ አልነበረም፤ የሰፈሩ ደስታ በሙሉ ወደዚያ ግቢ ይመጣ ስለነበር ነው የቆመው።

ጣሪያው ተደርምሶ ብዙ ሰው የሞተበት ሲኒማ ቤት ይኸው ነው?

አይደለም፤ ሰው የሚያምታታው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። የተደረመሰው ኒከርቦከር የሚባለው ነው፤ ባለቤቱም አርክቴክቱም እነዚያው ክራንዳልና ጊር ናቸው። ጃንዋሪ 28 ቀን 1922 ማታ፣ ከተማዋን 70 ሴንቲ ሜትር ያህል በረዶ ከሸፈናት በኋላ፣ ጠፍጣፋው ጣሪያ የበረዶውን ክብደት መሸከም አቅቶት ፊልም በመታየት ላይ እንዳለ ወደቀ። ሰገነቱንም ይዞ ወረደ። 98 ሰው ሞተ፤ 133 ሰው ቆሰለ። ጊርን ጨምሮ አምስት ሰው ቢከሰስም የተፈረደበት የለም። አርክቴክቱ በ1927፣ ክራንዳል ደግሞ በ1937 የገዛ ሕይወታቸውን አጠፉ።

ሊንከን የተከፈተው ያ አደጋ በደረሰበት ዓመት ውስጥ መሆኑን ስናስብ፣ የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች ወደ ጣሪያው ቀና ሳይሉ የተቀመጡ አይመስለኝም። ኒከርቦከር የነበረበት ቦታ አዳምስ ሞርጋን ውስጥ፣ 18ኛው መንገድና ኮሎምቢያ ሮድ የሚገናኙበት ነው። የቀደሙት ሀበሾች ይህን ማዕዘን ጥርት አድርገው ያውቁታል፤ በ1980ዎቹ የዲሲ የሀበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩት በዚያው በ18ኛው መንገድ ላይ ነበር።

በሊንከን የክብር ዘመን በሰፈሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ?

በጣት የሚቆጠሩ ተማሪዎች ነበሩ። ስማቸው የሚጠራው ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1935 ተመረቁ፤ ከዚያ በፊት በ1934 ከታሪክ መምህሩ ከዊልያም ሊዮ ሃንስበሪ ጋር ሆነው የኢትዮጵያን ጉዳይ የሚያጠናና የሚያስተዋውቅ ጉባኤ መሥርተዋል። ጣሊያን ሲወረን አገር ቤት ተመልሰው በቀይ መስቀል ሥራ አገለገሉ፤ ኋላም ኒው ዮርክ ሄደው ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ የሚያስተባብረውን የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በ1937 አቋቋሙ። በጭንቅ ጊዜ ለኢትዮጵያ ገንዘብ ያዋጣውና ሰልፍ የወጣው ሕዝብ ሊንከን ገብቶ ፊልም ከሚያየው ሕዝብ የተለየ አልነበረም። ዛሬ በዩ ስትሪት ስናልፍ ይህን ብናስታውስ ደስ ይለኛል።

ታዲያ ለምን ወደቀ?

አጭሩ መልስ፦ አጥሩ ስለፈረሰ ነው። በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለጥቁር ቤት አይሸጥም የሚሉ የመንደር ውሎች በፍርድ ቤት አይጸኑም አለ። አቅም ያላቸው ቤተሰቦች ዩ ስትሪት ካለበት ከሻው ሰፈር እየወጡ ሌላ ሰፈር ቤት መግዛት ጀመሩ። በጁን 1953 ደግሞ፣ የ89 ዓመቷን ጥቁር አዛውንት ሜሪ ቸርች ቴሬልን አላስተናግድም ባለ ምግብ ቤት ሰበብ የተነሳው ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በአንድ ድምፅ ተፈታ፤ የዋሽንግተን ምግብ ቤቶች ሁሉንም ማስተናገድ ግድ ሆነባቸው። ሲኒማ ቤቶቹ የፍርዱ አካል ባይሆኑም ብዙም ሳይቆዩ በራቸውን ከፈቱ።

ከዚያ በኋላ የሊንከን ሒሳብ ተበላሸ። አዲስ ፊልም በቅድሚያ የሚሄደው መሀል ከተማ ላሉት ነው። ያንን ፊልም በመጀመሪያው ሳምንት መሀል ከተማ ሄዶ ማየት የቻለ ሰው ለምን ሰፈሩ እስኪደርስ ይጠብቃል? ቴሌቪዥንም በየሳሎኑ የገባው በዚያው ጊዜ ነው። የአሜሪካ ሲኒማ ተመልካች ቁጥር ከ1946 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ያሽቆለቆለበት ዘመን ስለነበር፣ የነጮቹ ትልልቅ ሲኒማ ቤቶችም አልተረፉም። የሊንከንን የሚለየው ሁለቱ በአንድ ጊዜ የደረሱበት መሆኑ ነው፤ ከነጮቹ ሲኒማ ጋር ቴሌቪዥኑን ተጋራ፣ ከጥቁር ሰፈሮች ጋር ደግሞ የደንበኞቹን መበተን።

«መድልዎ ባይቀር ኖሮ ሊንከን ባልወደቀ ነበር» ብለው በቁጭት የሚናገሩ አሉ። ይህን አነጋገር አልቀበለውም። ዕድሜ ልኩን ከትኬት መስኮት የተመለሰ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ኤፍ ስትሪት ላይ ትኬት ገዝቶ ሲገባ «ሰፈርህን ከዳህ» ሊባል አይገባም። ጥፋቱ ሌላ ጋ ነው፦ ጥቁሩ ወደ ነጮቹ ሰፈር ሄዶ እንዲገዛ በሩ ሲከፈት፣ የነጮቹ ገንዘብ ወደ ዩ ስትሪት እንዲመጣ የተደረገ ምንም ነገር አልነበረም። ገንዘቡ በአንድ በኩል ብቻ ነው የፈሰሰው።

ያጠፋው የ1968ቱ ረብሻ አይደለም?

ረብሻው ብዙ ጎድቶታል፤ ነገር ግን ሊንከን ከዚያ በፊት ከአሥር ዓመት በላይ እየደከመ ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ ኤፕሪል 4 ቀን በሜምፊስ መገደላቸው እንደተሰማ ሕዝቡ የተሰበሰበው 14ኛው መንገድና ዩ ስትሪት በሚገናኙበት ነው፤ ይህ ከሊንከን በር ጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ቃጠሎውና ዝርፊያው ቀናት ቆየ፤ 13 ሰው ሞተ፤ ከ13,000 በላይ ወታደር ከተማዋ ገባ። የሊንከን ሕንፃ ከዚያ ሁሉ ተርፎ ቆመ።

የተቃጠለው ምሽቱ ነው። ከዚያ በኋላ ማታ ወደ ዩ ስትሪት ለመምጣት የሚደፍር ሰው አነሰ፤ ነጋዴው ሱቁን እንደዘጋ ሄደ፤ ባዶ መስኮት በዛ፤ ዕፁም ገባ። ሲኒማ ቤት የማታ ንግድ ነው። መንገዱ ከጨለመ የፈለገ ፊልም ቢመጣ የሚያድነው የለም።

አዳራሹ ለሁለት ተከፍሎ ነበር የሚባለው ምን ማለት ነው?

በ1970ዎቹ አንዱን ትልቅ አዳራሽ ከፍሎ ሁለት ፊልም በአንድ ጊዜ ማሳየት በመላ አሜሪካ የተለመደ የመዳኛ ዘዴ ነበር፤ ሊንከንም ላይ ተሠራበት። ወጪው አንድ፣ ትኬቱ ሁለት ይሆናል በሚል ስሌት ነው። ሆኖም እንዲህ ተከፍለው የተሠሩ አዳራሾች ውስጥ የተቀመጠ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ከመሀል በሚቆመው ግድግዳ የወዲያኛው ፊልም የተኩስ ድምፅ ያልፋል። ጣሪያው ላይ ያለው ጌጥ እኩሌታው ወዲህ፣ እኩሌታው ወዲያ ይቀራል። ወንበሮቹ ድሮ ወደነበረው መድረክ መሀል እንደዞሩ ከቀሩ ደግሞ ተመልካቹ አንገቱን አጣሞ ነው የሚያየው። ዘዴው ጥቂት ዓመት አቆየው እንጂ አላዳነውም፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሩ ተዘጋ።

በሰፈሩ የነበሩት ሌሎቹ ሲኒማ ቤቶችስ?

ሪፐብሊክና ቡከር ቲ የሚባሉት ዩ ስትሪት ላይ የነበሩ ሲሆን ሁለቱም ፈርሰዋል። ሚኒሃሃ የሚባለው ትንሽ የድምፅ አልባ ፊልም ቤት ሕንፃው ዛሬም አለ፤ በኦገስት 1958 ቤንስ ቺሊ ቦል የተከፈተው በሱ ውስጥ ነው። ምሳውን እየበላ ሲኒማ ቤት ውስጥ መቀመጡን የሚያውቅ ብዙ አይደለም። በ1910 የተከፈተው ሃዋርድ ቲያትር ለረጅም ዓመታት ተዘግቶ ከርሞ በ2012 ታድሶ ተከፍቷል።

ማን አዳነው? ዛሬስ ፊልም ይታይበታል?

የከተማው አስተዳደር ነው። በ1993 በብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ ሰፈረ፤ በ9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ታድሶ በ1994 ተከፈተ። ከፋዩ ግድግዳ ወጣ፤ ጄሶው ተጠገነ፤ አዳራሹ እንደገና አንድ ሆነ። ዩ ስትሪት ራሷ መተንፈስ የጀመረችው በ1991 የሜትሮው ጣቢያ ሲከፈት ነው። ለዚያም ዋጋ ተከፍሎበታል፤ ለባቡሩ ሲባል መንገዱ ተቆፍሮ በቆየባቸው ዓመታት ረብሻውን ያለፉ አንዳንድ ሱቆች ቁፋሮውን ሳያልፉ ቀሩ።

ከተከፈተ በኋላም ገንዘብ እያጠረው ደጋግሞ ከመዘጋት አፋፍ ደርሷል። ከ2013 ጀምሮ ኮንሰርት የሚያዘጋጀው አይ.ኤም.ፒ. የተባለው ኩባንያ ያስተዳድረዋል። ስለዚህ ዛሬ የሚቀርብበት በአብዛኛው ሙዚቃና ቀልድ ነው፤ ፊልም የሚታየው አልፎ አልፎ፣ በፌስቲቫልና በልዩ ዝግጅት ነው። የዘወትር ሲኒማ ቤትነቱ አብቅቷል። ሕንፃው መትረፉ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን የሰፈር ልጅ በጥቂት ሳንቲም ገብቶ ቀኑን የሚውልበት ቤት ከእንግዲህ የለም።

ኃይሌ ገሪማ ያላቸው ቦታ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

በቀጥታ አይገናኝም፤ ሰፈሩ ግን ቅርብ ነው፤ ጉዳዩም ያው ነው። ፕሮፌሰር ኃይሌ ከ1975 ጀምሮ በሃዋርድ ያስተማሩ ሲሆን፣ በ1993 «ሳንኮፋ» የተሰኘውን ስለ ባርነት የሚናገር ፊልማቸውን ሲያወጡ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልተቀበሉትም። እሳቸውና ባለቤታቸው ሽርኪያና አይና ራሳቸው አዳራሽ እየተከራዩ በየከተማው አሳዩት፤ ጥቁሩ ሕዝብም ተሰልፎ ገባ። ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከሃዋርድ ፊት ለፊት ያለውን ሳንኮፋ የመጻሕፍትና የቪዲዮ ቤት በ1990ዎቹ ከፈቱ። እነ ሊንከን ከተዘጉ ወዲህ የራሱን ታሪክ የሚያይበት ስክሪን ላጣ ሕዝብ ሁለቱ የሠሩት ሥራ ከፍ ያለ ነው።

ሰፈሩን «ትንሿ ኢትዮጵያ» እንበለው ሲባል ጥቁር አሜሪካውያን ለምን ቅር አላቸው?

ጥያቄው ጎልቶ የወጣው በ2005 ገደማ ነው። ከአዳምስ ሞርጋን ኪራይ የሸሹ ሀበሾች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ወደ 9ኛው መንገድና ዩ ስትሪት ወርደው፣ ማንም ያልፈለጋቸውን ባዶ ሕንፃዎች ተከራይተውና ገዝተው ምግብ ቤት፣ ሙዚቃ ቤት፣ የትራንስፖርትና የገንዘብ መላኪያ ቢሮ ከፈቱ። መንገዱ ሲጨልም ያበሩት እነሱ ናቸውና ስም መጠየቃቸው ከሜዳ የመጣ አልነበረም።

የነባሮቹ ቅሬታም እውነት ነበረው። ያ መንገድ ባዶ የሆነው ሰው ስላልነበረበት ሳይሆን የነበሩበት ሰዎች ከዚህ በላይ በተነገረው ምክንያት ተበትነው ነው። የቀረው ስሙ ብቻ ሲሆን እሱንም ለሌላ ስጡ መባል ከበዳቸው። ተቃውሞውን ጥላቻ ነው ብሎ ማለፍ ስህተት ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በዙሪያው አዳዲስ ኮንዶሚኒየም ተሠርቶ ኪራይና የንብረት ግብር ሲንር፣ ከ9ኛው መንገድ ብዙ የሀበሻ ቤቶች ለቀው በአጎራባቾቹ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ወዳሉት ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ሄደዋል፤ ሊንከን ሲታደስ ገና በአካባቢው የነበሩ የጥቁር አሜሪካውያን ፀጉር ቤቶችና ሱቆችም ብዙዎቹ በዚያው ምክንያት ወጥተዋል።